ተሽከርካሪ ውስጥ ሆኖ ኔትወርክ መቀየር፦ ሰከንዱ የት ይጠፋል?

ክቡራትና ክቡራን፣

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ያልፋል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር ደግሞ 83 ሜትር። ዛሬ የምናነሣውን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች እየለካችሁ እንድትከታተሉ እንጠይቃለን። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው የሁለት ሰከንድ መዘግየት ቁም ነገር አይደለም። መንገድ ላይ ላለ ግን ሁለት ሰከንድ 56 ሜትር ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ አንድ ሕንፃ የሞባይል ማማውን ሊጋርደው፣ አንድ ዋይፋይም ጀምሮ ሊያልቅ ይችላል።

ተሳፋሪው ጥሪው ሲቆረጥ ወይም ቪዲዮው ሲቆም «ኔትወርክ ጠፋ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ኔትወርኩ አልጠፋም፤ ቀጣዩ ማማ እዚያው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉም ቢሆን በሚሊሰከንድ የሚቆጠር ሥራ ነው። ጊዜው የሚባክነው ከመዝለል በፊት በማመንታት፣ ከዘለሉ በኋላ ደግሞ «እኔ ያው የቀድሞው ነኝ» ብሎ ማንነትን እንደ አዲስ በማስመዝገብ ነው። በሬዲዮው ላይ ገንዘብና ድካም አፍስሰው እነዚህን ሁለቱን የሚዘነጉ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፤ ይህ ንግግር የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው።

ከማማ ወደ ማማ

እ.ኤ.አ. በ1972 የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ኤሞስ ጆኤል፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ጥሪው ሳይቋረጥ ከሴል ወደ ሴል፣ ማለትም አንድ ማማ ከሚሸፍነው ክልል ወደ ሌላው፣ የሚሻገርበትን ዘዴ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፦ ሁለት ጣቢያዎች አንድን ተጠቃሚ ይረካከባሉ። ባለሙያዎች ሀንድኦቨር የሚሉትን እኛ እዚህ ርክክብ እንለዋለን፤ ቃሉ ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል።

በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልኩ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ማማዎችን ይዞ መሄድ ይችል ነበር፤ አዲሱን ሳይጨብጥ አሮጌውን አይለቅም። አራተኛው ትውልድ፣ ማለትም ኤልቲኢ፣ ሥርዓቱን ለማቅለል ሲል ይህን ተወው። በኤልቲኢ በተለመደው አሠራር ስልኩ መጀመሪያ ይለቃል፣ ቀጥሎ ይይዛል። በመካከሉ ያለው ክፍተት ነገሩ በሰላም ካለፈ ከ30 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የድምፅ ጥሪ በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ስለሚላክ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ቢጎድል ጆሮ እምብዛም አያስተውለውም። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ክፍተት ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ጥሪው ለምን ይቆረጣል? ከዝላዩ በፊት ያለውን ቅደም ተከተል እንመልከት።

ስልኩ የያዘውን ማማና የጎረቤቶቹን ጉልበት በየጊዜው ይለካል። አንድ ልኬት ብቻውን አይታመንም፤ በመንገድ ላይ ሲግናል በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ልኬቶቹ በ200 ሚሊሰከንድ ገደማ እየተጠቃለሉ ከቀድሞዎቹ ጋር በማጣሪያ ይቀላቀላሉ። ከዚያ ኤ3 የሚባለው መስፈርት ይመጣል፦ ጎረቤቱ ከያዝኩት ማማ በዚህን ያህል ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) በልጦ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ በልጦ ከቆየ አሳውቅ። ለምሳሌ ኦፍሴት የሚባለው የብልጫ መነሻ 1 ዴሲቤል፣ ሂስተሪሲስ የሚባለው የማመንቻ ህዳግ 2 ዴሲቤል ቢሆን፣ ጎረቤቱ ከ3 ዴሲቤል በላይ መብለጥ አለበት። የቆይታው ጊዜ ከ0 እስከ 5120 ሚሊሰከንድ ካሉ የተወሰኑ ደረጃዎች ውስጥ ይመረጣል፤ 320 ወይም 640 ቢመረጥ እንበል። 320 ሚሊሰከንድ ለመኪናው 9 ሜትር ነው። 640 ሚሊሰከንድ ለፈጣኑ ባቡር 53 ሜትር ነው።

መስፈርቱ ከተሟላ በኋላ ስልኩ ሪፖርት ይልካል። የያዘው ማማ ለጎረቤቱ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጎረቤቱ ቦታ እንዳለው አይቶ የመግቢያ ኮድ ያዘጋጅና ይመልሳል፤ ከዚያ የያዘው ማማ ለስልኩ «ሂድ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የችግሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና። የመሄጃው ትእዛዝ የሚመጣው እየሞተ ባለው መስመር በኩል ነው። ስልኩ እንዲለቅ የሚፈለገው አሮጌው ማማ ስለደከመ ነው፤ ትእዛዙን የሚያደርሰውም ያው የደከመው ማማ ነው። ውሳኔው ትንሽ ከዘገየ ትእዛዙ በመንገድ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ይህ በዋናነት የሚደርሰው በከተማ መታጠፊያ ላይ ነው። ከማማው ፊት ለፊት በሆነ ጎዳና ሲጓዝ የነበረ መኪና ወደ ጎን ሲታጠፍ ሕንፃው ይጋርደዋል፤ በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ሲግናሉ 20 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ወደ መቶኛው ሊወርድ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር 20 ሜትር ለማለፍ የሚፈጀው 1.4 ሰከንድ ነው። ማጣሪያው፣ የ640 ሚሊሰከንድ ቆይታው፣ ሪፖርቱና ዝግጅቱ ሲደመሩ ከዚያ ብዙም አያንሱም። አውራ ጎዳና ላይ ግን ማማዎቹ የተራራቁ፣ የሲግናሉ ለውጥም ዝግ ያለ ስለሆነ ያው አደራደር ያለችግር ይሠራል። ለአውራ ጎዳና የተዘጋጀን አደራደር ለከተማ መገልበጥ ጥሪ ከሚያስቆርጡ ነገሮች አንዱ ነው።

ትእዛዙ ሳይደርስ ሲቀር ስልኩ ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም። የመመሳሰል ስህተት ሲደጋገም ቲ310 የሚባል ሰዓት ቆጣሪ ይነሣል፤ 1 ሰከንድ ከተደረገ መኪናው 28 ሜትር እስኪጓዝ በሞተ መስመር ላይ ይጠብቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ማማ ፈልጎ «አገናኙኝ» ይላል። ያ ማማ ስለ ስልኩ ቀድሞ መረጃ ከደረሰው ቶሎ ይቀበለዋል፤ ካልደረሰው ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። ሚሊሰከንዶቹ ወደ ሰከንዶች የሚለወጡት እዚህ ጋ ነው።

«እንግዲያው ህዳጉንም ቆይታውንም እናሳንስ» የሚል ይኖራል። ያኔ ተቃራኒው በሽታ ይመጣል፤ ስልኩ በሁለት ማማዎች መካከል እንደ ኳስ ይመላለሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ ለመመለስ በአጠቃላይ የ6 ዴሲቤል መገለባበጥ ያስፈልጋል። ህዳጉንና ኦፍሴቱን ወደ ዜሮ ካወረድነው በአጠገብ የሚያልፍ የጭነት መኪና ብቻውን ሊያመላልሰን ይችላል። እያንዳንዱ ምልልስ 50 ሚሊሰከንድ ቢያስከፍል በደቂቃ ሃያ ጊዜ ሲሆን ሙሉ ሰከንድ ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ዝላይ የመክሸፍ ዕድል አለው። በእኛ እምነት ህዳጉን ጠብቆ የቆይታውን ጊዜ ማሳጠር፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ከማሳነስ ይሻላል። ኤልቲኢ ራሱ ለፈጣን ተጓዥ ቆይታውን በ0.75፣ በ0.5 ወይም በ0.25 የማባዛት አማራጭ አለው፤ ፍጥነቱን የሚገምተው በቅርብ ጊዜ ስንት ሴል እንደቀየረ ቆጥሮ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአምስተኛው ትውልድ መሐንዲሶች በሞባይል ስታንዳርዱ 16ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ መፍትሔውን ከዚሁ ሐሳብ አወጡት፦ መታጠቁ ከሩጫው በፊት ይሁን። ሁኔታዊ ርክክብ በሚባለው ዘዴ ማማው መስመሩ ገና ጤነኛ እያለ ለስልኩ «ይህ ጎረቤት በዚህን ያህል ሲበልጥ ራስህ ሂድ» ብሎ ትእዛዙን አስቀድሞ ይሰጠዋል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚጠበቅ ትእዛዝ የለም፤ ስልኩ ራሱ ይሻገራል። ዋጋውም አለው፦ ጎረቤቶቹ ላይመጣ ለሚችል እንግዳ ቦታ ይዘው መጠበቅ አለባቸው። በዚያው እትም የመጣ ሌላ ዘዴ ደግሞ ስልኩ ከአሮጌው ጋር እየተነጋገረ ከአዲሱ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋል፤ የዳታ ክፍተቱን ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ሁለቱም ግን ኔትወርኩም ስልኩም ካልደገፏቸው አይሠሩም።

ስለ ዶፕለር፣ ማለትም ፍጥነት በሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ፣ ጥያቄ ስለማይቀር ባጭሩ፦ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ2.6 ጊጋኸርዝ ላይ የፍሪኩዌንሲው መንሸራተት ከ720 ኸርዝ ትንሽ ይበልጣል። የኤልቲኢ ንዑስ ሞገዶች በ15,000 ኸርዝ የተራራቁ ስለሆኑ ተቀባዩ ሊያርመው ይችላል። ለመኪና ፍጥነት የሚያሳስብ አይደለም።

ዋይፋይ፦ ወሳኙ መሣሪያው ሲሆን

እስካሁን ባየነው መደበኛ ርክክብ ስልኩ ይዘግባል፣ ማማው ይወስናል። በዋይፋይ ግን መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ራሱ መሣሪያው ነው። አክሰስ ፖይንቱ፣ ማለትም የዋይፋይ ማሠራጫው፣ ሊመክር ይችል ይሆናል እንጂ ማዘዝ አይችልም። ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ የያዙትን የሙጥኝ ይላሉ፤ ሲግናሉ ወደ 70 ወይም 75 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ደካማ ነው) ከዜሮ በታች እስኪወርድ ሌላ መፈለግ አይጀምሩም።

ፍለጋው ራሱ ውድ ነው። አክሰስ ፖይንት ስሙን የሚጠራበት ቢከን በተለመደው አደራደር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ይላካል። ዝም ብሎ አዳምጦ ለማግኘት በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ያንን ያህል መቆየት ያስፈልጋል። 13 ቻናል በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 25 ገደማ ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ ቢሆኑ ድምሩ 4 ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እየጠየቁ መፈለግ በቻናል ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ ሆኖም ከራዳር ጋር በሚጋሩት የ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ላይ ቢከን ሳይሰሙ መጠየቅ ስለማይፈቀድ እዚያ ማዳመጥ ግድ ነው።

ፎርክሊፍት የሚመላለስበት መጋዘን፣ ከባድ ማሽን የሚሠራበት የማዕድን ቦታ ወይም ኮንቴይነር የሚነሣበት ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ስሌት በቀጥታ ሊጠቀምበት ይችላል። አክሰስ ፖይንቶቹን በአራት ቻናል፣ ለምሳሌ በ36፣ 40፣ 44 እና 48 ላይ ብቻ አስቀምጡ፤ በተሽከርካሪው ላይ ያለው መሣሪያም ከእነዚህ ውጭ እንዳይፈልግ አድርጉ። አራት ቻናል በ30 ሚሊሰከንድ 120 ሚሊሰከንድ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ፎርክሊፍት 120 ሚሊሰከንድ ከአንድ ሜትር በታች ሲሆን አራት ሰከንድ ግን 22 ሜትር ነው፤ ሁለት የመደርደሪያ መተላለፊያ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። የአክሰስ ፖይንቶቹም ሽፋን መደራረብ አለበት፦ የአንዱ ሲግናል ወደ 67 ዲቢኤም ከዜሮ በታች ሲወርድ የሌላው ቢያንስ ያንኑ ያህል መሆን ይኖርበታል።

ከፍለጋው ቀጥሎ ማረጋገጫው አለ። በድርጅት ዋይፋይ ውስጥ መሣሪያው ከማረጋገጫ ሰርቨር ጋር ብዙ መልእክት ይለዋወጣል፤ ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። 802.11አር የሚባለው ስታንዳርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ቁልፉን አስቀድሞ ለአክሰስ ፖይንቶቹ በማዳረስ ነገሩን ወደ አራት መልእክት ያወርደዋል። በዚያው ዓመት የወጣው 802.11ኬ የጎረቤቶችን ዝርዝር ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው 802.11ቪ ደግሞ «ወደዚያ ብትሄድ ይሻልሃል» የሚለው ምክር ነው። 802.11አርን ስታበሩ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የሞቢሊቲ ዶሜን መለያው፣ ማለትም በአንድነት የሚሠሩት አክሰስ ፖይንቶች የቡድን መለያ፣ በሁሉም አክሰስ ፖይንት ላይ አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ ላይ ከተሳሳተ እዚያ ሲደረስ ማረጋገጫው ከነሙሉ ርዝመቱ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች አር የበራበትን ኔትወርክ ጨርሶ መያዝ ያቅታቸዋል፤ ለእነሱ የተለየ የኔትወርክ ስም ስጡ።

በመጨረሻ የአይፒ አድራሻው ይመጣል። አክሰስ ፖይንቶቹ ሁሉ በአንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ውስጥ ከሆኑ አድራሻው አይቀየርም፤ ተገላገላችሁ። ካልሆኑ ግን መሣሪያው አሮጌውን አድራሻ ይጠይቃል፣ ይከለከላል፣ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ከእነዚህ መልእክቶች አንዱ በመንገድ ቢጠፋ የዲኤችሲፒ (የአድራሻ ማደያው ሥርዓት) ሕግ እንደገና ከመላክ በፊት 4 ሰከንድ ገደማ፣ ቀጥሎ 8 ሰከንድ መጠበቅን ይመክራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በ4 ሰከንድ 67 ሜትር ይጓዛል። በየአቅጣጫው 100 ሜትር የሚሸፍን የመንገድ ዳር ዋይፋይን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፈው በ12 ሰከንድ ነው፤ አንዲት የጠፋች መልእክት ሲሶውን ትወስድበታለች።

ተሽከርካሪዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት 802.11ፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት ጥሎታል። በ5.9 ጊጋኸርዝ ላይ ያለ ምዝገባ በቀጥታ ይነገራል፣ ይሰማል። ፍሬን መያዙን ለሚያሳውቅ መልእክት ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው፤ ለኢንተርኔት ግን የታሰበ አይደለም።

ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። የተሽከርካሪ ራውተር ግን ሁለት ዛፍ መውጣት አለበት፤ የሞባይሉ ሞደም ዋይፋይ በተያዘበት ጊዜ ሁሉ ተመዝግቦ፣ የዳታ መስመሩን ከፍቶ መቆየት አለበት። ዋይፋይ ሲጠፋ ሞደሙን ቀስቅሶ ማስመዝገብ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። ሁለት ሲም የሚወስድ አንድ ሞደምም እንደ ሁለት ሞደም አይቆጠርም፦ ሲም ሲቀይር ከአንዱ ኦፕሬተር ወጥቶ በሌላው መመዝገብ ስላለበት በአሥር ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይሄዳል። መቋረጥ የማይፈቀድበት ሥራ ከሆነ ሁለት ሞደም ይግዙ።

ለመልቀቅና ለመመለስ አንድ ገደብ አታስቀምጡ። ዋይፋይን 70 ዲቢኤም ከዜሮ በታች ላይ ልቀቁ፤ ለመመለስ ግን 60 ይሁን፣ ያም ለ10 ወይም 15 ሰከንድ የጸና። ራውተሩ ፍጥነትን ከጂፒኤስ ማንበብ ከቻለ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ዋይፋይን ጨርሶ እንዲተው አድርጉ። የሲግናል ቁጥር ብቻውን እንደሚያታልልም አስቡ፤ አክሰስ ፖይንቱ ጉልበታም ስለሆነ መሣሪያው በደንብ ይሰማዋል፣ የመሣሪያው ድምፅ ግን አክሰስ ፖይንቱ ጋ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ባለመድረሳቸው እንደገና የሚላኩ ፓኬቶችን (የዳታ ቁራጮችን) ብዛትም ተመልከቱ። መስመሩ በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ አጭር የሙከራ መልእክት) በየ30 ሰከንዱ ከሆነ ሬዲዮው ምንም ቢፈጥን ዋጋ የለውም። በየሰከንዱ ይሁን፣ ሦስት ሲከሽፍ ይቀየር፤ የሚፈተሸውም ከጌትዌዩ (ከኔትወርኩ መውጫ በር) ማዶ ያለ አድራሻ ይሁን።

አሁን የማንነቱ ጉዳይ። ቲሲፒ፣ ማለትም ዳታ መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው ፕሮቶኮል፣ ግንኙነትን የሚያውቀው በሁለቱ ወገኖች አይፒና ፖርት (የፕሮግራሙ በር ቁጥር) ነው። አይፒው ሲቀየር ግንኙነቱ ይሞታል፤ ሰርቨሩ ያንን ሰው አያውቀውም። አይፒው ባይቀየር እንኳ ቲሲፒ የራሱ ትዕግሥት አለው፦ መልስ ሲያጣ ከ1 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይልካል፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። መስመሩ በ3.5 ሰከንድ ቢመለስ ቀጣዩ ሙከራ በ7ኛው ሰከንድ ነው፤ ተሳፋሪው ሙሉ ሲግናል እያየ ሌላ 3.5 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህን አይተው ማማውን የሚወቅሱ ብዙ ናቸው።

መፍትሔዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኩዊክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስታንዳርድ ሆኖ የወጣው ይህ ፕሮቶኮል ግንኙነትን የሚያውቀው በአይፒ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። አይፒው ሲቀየር አዲሱን መንገድ በአንድ ጥያቄና መልስ ያረጋግጥና ይቀጥላል፤ የመላኪያ ፍጥነቱን ግን ከታች ስለሚጀምር ቪዲዮ ለአፍታ ጥራቱ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው መልቲፓዝ ቲሲፒ ነው፤ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ጊዜ ይይዛል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ለሲሪ ተጠቅሞበታል፤ ሊኑክስም ከከርነል 5.6 ጀምሮ አለው። ሰርቨሩ ካልደገፈው ግን ወደ ተራ ቲሲፒ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ለተሽከርካሪ ራውተር የምንመርጠው፣ ዋሻ ነው፤ ቪፒኤን ከራውተሩ እስከ አንድ ቋሚ ሰርቨር። በውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የውጩ አይፒ መቀየሩን ሳያውቁ ይቀጥላሉ።

ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን የምትጠቀሙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሰርቨሩ የራውተሩን አዲስ አድራሻ የሚያውቀው ከዚያ አድራሻ የመጀመሪያው ትክክለኛ ፓኬት ሲደርሰው ነው። ራውተሩ የሚልከው ከሌለ፣ በየ25 ሰከንዱ እንዲላክ የተደረገው የሕይወት ምልክት እስኪመጣ ሰርቨሩ ወደ አሮጌው አድራሻ ሲልክ ይቆያል። መንገዱ ሲቀየር ወዲያው አንድ ፓኬት የሚያስወጣ ትንሽ ስክሪፕት ይህን ያስቀራል። ሁለተኛው የፓኬት መጠን ነው። በዋይፋይ በኩል የሚያልፍ 1420 ባይት በአንዳንድ የሞባይል መስመር ላያልፍ ይችላል፤ ፒንግ ይሠራል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። 1280 ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከተፈታ ምክንያቱ ያ ነው።

ብረቱና ሽቦው

ሙቀት እንዳያስገባ በብረት የተቀባ መስታወት ሲግናሉን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊበላ ይችላል። አንቴናው ጣሪያ ላይ ይውጣ። ኬብሉ ይጠር፤ ቀጭን ኬብል በ2 ጊጋኸርዝ በሜትር ከ1 ዴሲቤል በላይ ስለሚያጠፋ አምስት ሜትር ማራዘሚያ ከጉልበቱ ሲሶ እንኳ አያስተርፍም። ራውተሩን ወደ ጣሪያው ማስጠጋት አንቴና ከመቀየር ይረክሳል።

ሞተር ሲነሣ የ12 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ወደ 6 ወይም 7 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ያንን የማይችል ራውተር ይጠፋና እንደገና ለመነሣት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሹፌሩ «ከጋራዥ ስወጣ ኔትወርክ የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሦስት ሽቦ ይዘርጉ፦ ከባትሪ ቀጥታ፣ ከምድር፣ ሦስተኛው ከቁልፍ። ሦስተኛው ሽቦ የሚናገረው መቼ መጥፋት እንዳለበት ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከተዘጋ ከ15 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ያድርጉት።

ፍተሻ

በየሰከንዱ በሚላክ ፒንግ የ50 ሚሊሰከንድን ክፍተት ማየት አይቻልም። በየ100 ሚሊሰከንዱ ላኩ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ነጥብ በየ2.8 ሜትሩ ማለት ነው፤ አጭሩን ክፍተት ሁልጊዜ ባይይዘውም ሰከንድ የሚያባክነው አያመልጠውም። ከእያንዳንዱ ጋር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሴል መለያውንና የሲግናል ጉልበቱን መዝግቡ። ፓኬቶቹን በሁለቱም ጫፍ ያዙ፤ ሬዲዮው ተመልሶ ሳለ የላይኛው ፕሮቶኮል ገና እየጠበቀ መሆኑ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው።

መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ንዱት። ህዳጉ ስላለ፣ ሲሄዱ ርክክቡ የሚሆንበት ቦታና ሲመለሱ የሚሆንበት ቦታ አይገጥሙም፤ በአንዱ አቅጣጫ ጤነኛ የሆነ መታጠፊያ በሌላው ይቆርጣል። በየአቅጣጫው ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም ትራፊክ በሚበዛበትና በሚቀንስበት ሰዓት ድገሙት። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቆይታውን ጊዜና የፒንጉን ገደብ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው ለማወቅ መንገዱን ከመጀመሪያው መንዳት ይኖርበታል።